በጅማ የግንባታ ጩኸትና የሌሊት ዕረፍት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይት ላይ ሠርቻለሁ፤ ከሳይት አጥር ሥርም ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ከሁለቱም ወገን የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው መጮህ የማይቻለው?

በአገር አቀፍ ደረጃ በወጣው የድምፅ ልክ መሠረት ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ሌሊት ነው። ሄርማታም ሆነ ጅሬን፣ ቆጪም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰዓቱ አንድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "በቃ፣ 3 ሰዓት ሲሞላ ሥራ ይቆማል" ብሎ ይደመድማል። ልኩ የሚገድበው ግን ድምፁን እንጂ ሥራውን አይደለም። ሌሊት ቀለም የሚቀባ ወይም ቀስ ብሎ ፌሮ የሚያስር ሰው ማንንም እስካልቀሰቀሰ ድረስ በዚህ ልክ አይያዝም። ሚክሰር፣ ጄኔሬተር፣ ግራይንደርና ኮንክሪት የሚያፈርሰው ጃክ ሐመር ግን በመኖሪያ ሰፈር የሌሊቱን ልክ ጠብቀው ሊሠሩ አይችሉም። ስለዚህ በተግባር ከ3 ሰዓት በኋላ ከባድ ማሽን መነሳት የለበትም ማለት ነው።

የድምፅ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 ይላል። 6 ሰዓት ቀትር አይደለም እንዴ?

አይደለም። ያ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። 6:00 የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። 9:00 ደግሞ የእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሰው ያጣላል። እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንዲት እናት "9 ሰዓት ይላል፣ ከሰዓት በኋላ መቆም አለበት" ብለው ተከራከሩ። ፎርማኑ ያንኑ ወረቀት ይዞ "ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ተፈቅዶልናል" አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ውል ወይም ማስታወቂያ ሲጻፍ "ምሽት 3 ሰዓት" ብሎ በእኛ አቆጣጠር በፊደል ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ዴሲቤል ምንድን ነው? ለእኛ ሰፈር የተፈቀደው ስንት ነው?

ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው። አገር አቀፉ ልክ ሰፈርን በሦስት ይከፍላል። በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። በኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን 75፣ ሌሊት 70። የጅማ መርካቶ ውስጥ ሱቅ በሱቅ የሆነ መንገድ ዳር የሚኖር ሰውና ጅሬን አቀበት ላይ የሚኖር ሰው አንድ ዓይነት ልክ አይጠብቁም።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 10 ሲጨምር ጆሯችን ድምፁን እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል። ጃክ ሐመር 15 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 89 ዴሲቤል ይደርሳል። መሐል ላይ የሚጋርድ ነገር ከሌለ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ያህል ይቀንሳል። 30 ሜትር ላይ 83፣ 60 ሜትር ላይ 77 ነው። 60 ሜትር ማለት አራት አምስት ግቢ ያልፋል። እዚያም ደርሶ ከቀኑ ልክ በ22 ይበልጣል። "አጠገብህ አይደለም፣ ምን ያገባሃል?" የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የማያስኬደው።

በእኛ ቤቶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጅማ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንተኛው በጭቃ ግድግዳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንቅልፍ የሚመክረው መኝታ ክፍል ውስጥ 30 ዴሲቤል ነው። በእንደዚህ ዓይነት ቤት ውጪ ያለው ድምፅ ብዙም ሳይቀንስ ትራስ ላይ ይደርሳል።

ቀን ከሆነስ? የፈለገውን ያህል ማስጮህ ይችላል?

አይችልም። ቀንም ልክ አለው። በዚያ ላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አለ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክ የለበትም። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፈ ጥፋት ነው። የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ግምት ውስጥ ይገባል።

እኔ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም የሰፈራችንን ነገር ይናገራል። ቤት ያለ ጩኸት አይሠራም። ምስማር ይመታል፣ ብሎኬት ይወርዳል፣ ሚክሰር ይዞራል። ጎረቤት ይህን ሊችል ይገባል። አንድ ሰው ግን ግራይንደሩን ሌላ ቦታ እያለው የሰው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ተክሎ ለወራት ቢቆርጥበት፣ ቀን ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም።

ሶሌታ (የፎቅ ወለል የሚሆነው አርማታ) ሲሞላ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚመሸው? ሆን ብለው ነው?

ሆን ብለው አይደለም። ሒሳቡን አስቀድመው ስለማይሠሩት ነው። እስቲ አብረን እንሥራው። 200 ካሬ ሶሌታ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 30 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ ሰባት ከረጢት ነው። ለ30 ሜትር ኩብ 210 ከረጢት። ትንሿ ሚክሰር በአንድ ዙር የምታቦካው የአንድ ከረጢት ነው። ስለዚህ 210 ዙር። አንዱ ዙር 4 ደቂቃ ቢወስድ 840 ደቂቃ፣ ማለትም 14 ሰዓት።

አሁን ሥራው መቼ ይጀመራል? ሠራተኛው ተሰብስቦ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ውሃ ተቀድቶ 3 ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 14 ሰዓት ሲደመር ሌሊት 5 ሰዓት ነው። ይህ መብራት ሳይጠፋ፣ ሚክሰር ሳይበላሽ፣ ዝናብ ሳይመጣ ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ብቻ ጠብቆ አይመጣም። በመጋቢትና በሚያዝያም ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል፣ ሥራው ይቆማል፣ ሲያባራ ይቀጥላል።

አንዴ ከተጀመረ ደግሞ መሐል ላይ መተው ከባድ ነው። ውሃ የነካው አርማታ ሳይጠና መፍሰስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ። የጠናው ላይ ነገ አዲስ ቢሞሉበት ሁለቱ አይያያዙም። በዚያ መስመር ውሃ ይገባል፣ ሶሌታውም ይዳከማል። መሐንዲሱ ማቆሚያ መስመር አስቀድሞ ካልመረጠ ፎርማኑ በራሱ ፈቃድ ቢያቆመው ሕንፃውን ይጎዳል።

መፍትሔው ግን ከሒሳቡ ውስጥ አለ። ሥራውን 12 ሰዓት ላይ ቢጀምሩት 2 ሰዓት ማታ ያልቃል። ሁለት ሚክሰር ጎን ለጎን ቢያሠሩ 14 ሰዓቱ ወደ ሰባት ይወርዳል። ወይም መሐንዲሱ ማቆሚያውን አስቀድሞ ወስኖ በሁለት ቀን ይከፈላል። ሦስቱም ገንዘብና ዝግጅት ይፈልጋሉ። ሦስቱም ግን ይቻላሉ።

እሺ፣ ሶሌታውስ ይሁን። ማታ ማታ የሚሠራውን ሌላ ሥራም መታገስ አለብን?

የለባችሁም። ሌሊት መሠራት ያለበትና ሌሊት ስለተመቸ የሚሠራው ለየቅል ናቸው። ፌሮ መቁረጥ ቀን ይደርሳል። ግድግዳ መብሳት፣ አሮጌ ኮንክሪት ማፍረስ፣ ቆርቆሮ መምታት፣ ሴራሚክ መቁረጥ ሁሉም ቀን ይደርሳል።

ሲኖትራክ ሌሊት 8 ሰዓት መጥቶ አሸዋና ጠጠር የሚገለብጠው ነገር የብዙ ሰው ምሬት ነው። መንገዱ ባዶ ስለሚሆን ለሾፌሩ ይቀለዋል። ለሰፈሩ ግን የመኪናው ጩኸት፣ የኋሊት ሲሄድ የሚያሰማው ጢጥታና የሾፌሩና የዘበኛው መጯጯህ አንድ ላይ ነው። ባለቤቱ ለአሸዋ አቅራቢው "ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ግቢዬ እንዳትገባ" ቢል ይበቃል። ብዙ ጊዜ ማንም ስላልነገረው ነው።

እኔ ራሴ ቤት እየሠራሁ ነው። ጎረቤቶቼን እንዴት ላሳርፋቸው?

መጀመሪያ ይንገሯቸው። በግራ፣ በቀኝ፣ በኋላና በፊት ያሉትን በር አንኳኩተው ይንገሩ። "ቅዳሜ ሶሌታ እንሞላለን፣ ከንጋት 12 ሰዓት እንጀምራለን፣ ቢመሽ እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ችግር ከገጠማችሁ ስልኬ ይኸው" ይበሉ። ሦስት ቀን ቀድሞ የተነገረው ሰው ሕፃኑን ይዞ እህቱ ቤት ያድራል። ፈተና ያለበት ተማሪ ጓደኛው ዶርም ያጠናል። ያልተነገረው ግን አልጋው ላይ ሆኖ "አሁን ያቆሙ ይሆን?" እያለ ሌሊቱን ይቆጥራል።

ይህን ከራሴ ነው የማውቀው። እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ጋ ባረፈችበት ሳምንት ጎረቤት ያለው ሳይት ሳይነግረን ሶሌታ ጀመረ። እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ዘለቀ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ጣሪያውን እያየች ነጋ። በማግስቱ ሄጄ ለፎርማኑ ነገርኩት። ደነገጠ። "እናት ታመው እንዳሉ ብሰማ ኖሮ" አለ። የሚቀጥለውን ሶሌታ ሲሞሉ ከአራት ቀን በፊት መጥቶ ነገረን። እናቴን አክስቴ ቤት ወሰድኳት። ያን ቀን ሥራው 3 ሰዓት አለፈ፤ እኔ ግን አልተቆጣሁም።

ከዚያ ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ ነው። ጄኔሬተሩን ከጎረቤት መኝታ ቤት ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተቀደደ ከሆነ ያስበይዱ። የብሎኬት ክምሩን በማሽኑና በጎረቤት ቤት መካከል ይደርድሩት፤ ድምፁን ይጋርዳል። አርማታውን የሚያነዝረውን ቫይብሬተር ፌሮ ላይ እንዳያስነኩት ይንገሯቸው። ፌሮ ሲነካ በጣም ይጮኻል፤ ለአርማታውም አይጠቅምም። ፌሮ ከመኪና ሲወርድ መወርወር ሳይሆን በሁለት ሰው ይዞ ማስቀመጥ ነው።

እሑድ፣ የዓርብ ጁምዓና ረመዳን ላይስ?

የድምፅ ልኩ የሚለየው ቀንና ሌሊትን ነው። እሑድን ከማክሰኞ አይለይም። ስለዚህ እሑድ ቀን መሥራት በድምፅ ልክ በኩል የተለየ ክልከላ የለበትም። ሠራተኛው ግን በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት የማግኘት መብት አለው። ያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጉዳይ ነው።

ልማዳችን ግን ከወረቀቱ ይበልጣል። ጅማ ውስጥ ጁምዓ ሰዓት ላይ ሥራ ማቆም ለብዙ ሳይት የተለመደ ነው፤ ሠራተኛውም ራሱ ይሄዳል። በረመዳን ሰው ለሱሁር ተነስቶ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጥቂት ይተኛል። በዚያ ወር ከባዱን ማሽን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ማስነሳት ትልቅ አክብሮት ነው። እሑድ ጠዋትም ቅዳሴ ያለበት አጥር ሥር ግራይንደር አይነሳም። አንቀጽ 1225 "የአካባቢው ልማድ" የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አላስቆም ካሉኝ ለማን ነው አቤት የምለው?

መጀመሪያ ባለቤቱን ወይም ፎርማኑን ያነጋግሩ። ሌሊት በንዴት ሳይሆን ቀን ረጋ ብለው። ካልሆነ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የእድር ዳኛ ይዘው ይሂዱ። በእኛ አገር ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና ለእንዲህ ያለው ነገር ፍርድ ቤት ከሚያደርሰው መንገድ ይፈጥናል። ነገ ከሰውየው ጋር አንድ ለቅሶ ቤት ትቀመጣላችሁ።

ያ ካልሠራ በጽሑፍ ነው። ቀበሌ ወይም ወረዳ ይጀምሩ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ ወደሚሰጠውና ወደሚቆጣጠረው የከተማው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 "የሕንፃ ሹም" የሚባል ኃላፊ አምጥቷል፤ የግንባታ ቁጥጥር ጥያቄ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። የድምፅ ብክለት ብለው ከከሰሱ ደግሞ መንገዱ ወደ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ጋ ማስገባት ይቻላል።

አሁን ሌሊት ነው፣ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ሰውም ሊጣላ ነው ከሆነ ፖሊስ ወይም የሰፈሩን ሚሊሻ ይጥሩ። የዚያን ሌሊት ጠብ ያበርዳሉ። ዘላቂው ውሳኔ ግን ከላይ ካልኳቸው ቢሮዎች ነው የሚመጣው። ራስዎ ገብተው ገመድ መንቀል፣ ድንጋይ መወርወር በፍጹም አይሞክሩት። ተበዳዩ ተከሳሽ ይሆናል።

ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ? በስልክ የለካሁት ማስረጃ ይሆናል?

ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽን ዓይነት፣ ርቀት። እነዚህ አራቱ ካሉ ማመልከቻው ይነበባል። "ሁልጊዜ ይረብሹናል" ማንንም አያስነሳም። "ጥቅምት 12 ከማታ 3:30 እስከ ሌሊት 6:00 ሚክሰርና ጄኔሬተር፣ ከመኝታ ቤቴ 8 ሜትር" ሲባል ግን ሠራተኛው ቦታው ድረስ ሊሄድ ይችላል። ደብተር ይያዙና የሁለት ሳምንት ያህል ይመዝግቡ። ሦስት አራት ጎረቤት አብሮ ቢፈርም ክብደት ይኖረዋል።

የስልክ አፕሊኬሽን በልክ የተስተካከለ መሣሪያ አይደለም። ከእውነተኛው ብዙ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ "ስልኬ 78 አለ" ብለው ብቻ አይከራከሩ፤ ባለሙያ መጥቶ በመሣሪያ እንዲለካ ይጠይቁ። ከመስኮትዎ ሆነው ሰዓቱ እየታየ የቀረጹት ቪዲዮ ግን ሥራው በዚያ ሰዓት እንደነበር ያሳያል። እሱ ይጠቅማል።

አንድ ነገር አይርሱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት ይሄዳል። ካልቻሉ ቢሮዎቹ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ሲያስገቡ ደግሞ ቁጥርና ቀን አስመትተው አንዱን ቅጂ እጅዎ ላይ ያስቀሩ። ምክንያቱን ቀጥሎ ያዩታል።

ማመልከቻ አስገብቼ መልስ አጣሁ። አሁንስ?

ቀን መቁጠር ይጀምሩ። የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጩኸትንና ንዝረትን ከብክለት ይቆጥራቸዋል። አንቀጽ 11 ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። 60ው የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት፣ ውሳኔ ከሌለ ደግሞ 30ው ካለቀበት ቀን ነው።

ቁጥርና ቀን የተመታበት ቅጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እሱ ከሌለ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ ማሳየት አይቻልም። ስንት ሰው እውነት ይዞ በዚህች አንዲት ማኅተም ምክንያት ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ።

ተከራይ ነኝ። የእኔ አቤቱታ ይሰማል?

ይሰማል። ከላይ ያነሳሁት አንቀጽ 11 አቤቱታ አቅራቢው በጉዳዩ የተለየ ጥቅም እንዳለው እንዲያስረዳ አይጠይቅም። ካርታ የለህም፣ የቤት ባለቤት አይደለህም ብሎ መመለስ አይቻልም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ጠቅልሎ ያልገባ ሠራተኛም ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት የሰጠው ለሁሉም ሰው ነው።

አስቸጋሪው አከራይዎ ራሱ ፎቅ እየጨመረ ከሆነ ነው። እዚያ ላይ መብት ቢኖርም ሰው ቤቱን እንዳያጣ ይፈራል። እኔ የምመክረው ሰዓት ላይ መስማማት ነው። "ሥራው አይሠራ" ከማለት "ከ3 ሰዓት በኋላ አይሁንብኝ፣ ጠዋትም ከ1 ሰዓት በፊት አይጀመር" ማለት ለሁለታችሁም ይሻላል። በሥራው ወራት ኪራዩ ትንሽ እንዲቀንስ መጠየቅም ነውር አይደለም። ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ ሳይት ላይ ነው የምውለው። የእኛስ ጆሮ?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሠራተኛው ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልክ ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። 3 በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት። ጃክ ሐመር የያዘ ሰው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አንድ ቀላል መለኪያ አለ። በክንድ ርቀት ላይ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ ድምፁ ጆሮህን እየጎዳው ነው። በጩኸት የሄደ መስማት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል። የጆሮ መድፈኛ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይጠየቅ። በዚሁ አዋጅ መደበኛ ሥራ በቀን ስምንት ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ይህ በትክክል ቢከፈል ብዙ ሳይት ራሱ ማታ መሥራት አያዋጣኝም ይል ነበር።

ከሥራው በኋላ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። በእነሱ ምክንያት መሆኑን እንዴት አሳያለሁ?

ከባዱ ነገር "ድሮም ነበረ" መባሉ ነው። የጭቃ ቤት ድሮም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማስረጃው መሰብሰብ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። አጠገብዎ ቁፋሮ ሊጀመር እንደሆነ ሲሰሙ ሁሉንም ግድግዳ፣ ወለልና አጥር ፎቶ ያንሱ። የዚያን ሳምንት ቀን እንዲታይ ያድርጉ። ቢቻል ባለቤቱም ባለበት ይሁን። ቅን ባለቤት ደስ ይለዋል፤ እሱንም ከሐሰት ክስ ያድነዋል።

ስንጥቅ ካለ ሁለት ቦታ ላይ ጄሶ በስሱ ያድርጉበትና ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉ። ጄሶው ከተሰበረ ስንጥቁ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ጫፉንም በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከምልክቱ ካለፈ ይታወቃል። እየሰፋ ከሆነ ለሕንፃ ሹሙ ወዲያው ያመልክቱ፤ መሠረት እየተቆፈረ ሳለ የሚታይ ስንጥቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ካሳውን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። የባለሙያ ግምት ያስፈልግዎታል።

"ፈቃድ አለን" አሉኝ። ሥራው የመንግሥት ሲሆንስ፣ እንደ ኮሪደር ልማቱ?

የግንባታ ፈቃድ ቤት ለመሥራት የተሰጠ ፈቃድ ነው። ሰው ላለማስተኛት የተሰጠ አይደለም። ፈቃድ ያለውም የድምፅ ልኩንና አንቀጽ 1225ን ማክበር አለበት። "ፈቃድ አለን" ሲሉ "ለሌሊት ሥራ የተጻፈ ነገር አላችሁ? እስከ ስንት ሰዓት?" ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱን ያንብቡ። ፈቃዱ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ከጩኸት አልፎ ሌላ ጥፋት ነው።

የመንግሥት ሥራ የተለየ ክብደት አለው። መንገድ፣ ድልድይ፣ የውሃ መስመር የሁላችንም ነው። የፈነዳ ቧንቧ ወይም የወደቀ የመብራት ምሰሶ ሌሊትም ቢሆን ይሠራል፤ ይሠራም። ለወራት በፈረቃ የሚሄድ ሥራ ግን ድንገተኛ አይደለም። አዋጅ 300/1995 ማንም ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብን ሲፈቅድ የመንግሥትን ሥራ አላወጣም። ትላልቅ ሥራዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልጋቸው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው፤ ግምገማ ከተሠራ ስለ ድምፅ ምን እንደተባለ መጠየቅ ይቻላል።

በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ "አቁሙ" የሚል ማመልከቻ እምብዛም አይሄድም። የሚሄደው የተቆረጠ ጥያቄ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም አጂፕ አካባቢ የሚኖር ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይችላል፦ ጃክ ሐመሩና አፈር የሚጠቀጥቀው ኮምፓክተር እስከ ምሽት 3 ሰዓት ይሁን። ሌሊት ድንጋይ መደርደሩና ቀለሙ ይቀጥል። ጄኔሬተሩ ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። የሳምንቱ የሌሊት ሥራ የት እንደሆነ በቀበሌው በኩል ይነገረን። ከሥር ደግሞ የሕመምተኛ፣ የአራስና የፈተና ተማሪ ያለባቸው ቤቶች ዝርዝር ከነቤት ቁጥራቸው ይያያዝ፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የማሽን ፈረቃውን ሲደለድል የሚያየው እሱን ነው።